ስማችን፣ ፎቶአችን፣ ማሳችን በማን እጅ ነው?

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ዋና ሥራውን ለጥቂት ሰዓታት ሳይሠራ ቀረ። ደንበኛው የሚጠይቀውን ገንዘብ በሒሳቡ ካለው ጋር ማመሳከር አቆመ። በሒሳቡ መቶ ብር የሌለው ሰው ከኤቲኤም ብዙ ሺህ ብር ማውጣት፣ በሞባይልም ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ ማዛወር ቻለ። ወሬው በስልክና በቴሌግራም ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ግቢ ተዛመተ። አንድ የጂማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ጓደኞቹ ሲነግሩት መጀመሪያ ነገሩን እንዳላመነ ለቢቢሲ ተናግሯል።

ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት፣ ችግሩ ሥርዓቱ ላይ ይሠራ ከነበረ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገለጸ። ዩኒቨርሲቲዎች የወሰዱትን እንዲመልሱ ተማሪዎቻቸውን ለመኑ፤ በፈቃዱ የመለሰ ሰው እንደማይከሰስም ተነገረ። በኋላ ባንኩ እንዳስታወቀው ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከሦስት አራተኛ የሚበልጠው ተመልሷል። ያልመለሱትን ግን ባንኩ ስማቸውን አወጣ፤ ፎቶአቸውንም በቅርንጫፎቹ ለጠፈ።

በእነዚያው ሳምንታት፣ መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአገሪቱን የመጀመሪያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አጸደቀ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል፤ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ ወር ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መነበብ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። በአንድ በኩል ስለ እኛ የተያዘ መረጃ ሌሎች እንዳሻቸው ሲያወጡት ምን እንደሚመስል ጂማ በዓይኗ አይታለች። በሌላ በኩል ያንን የሚገዛ ሕግ ወጥቷል፤ ሕጉን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የፎቶውን ጉዳይ ልጨርስ። የራሱ ያልሆነውን ገንዘብ የወሰደ ሰው መመለስ አለበት፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት የበለጸገ ሰው እንዲመልስ ያስገድዳል። ባንኩ ፍርድ ቤት ሄዶ ገንዘቡን ማስመለስ ይችል ነበር፤ ወንጀል አለ ካለም ለፖሊስ ማመልከት ይችል ነበር። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ መለጠፍ እንደማይቻል ይናገራል። ኢንተርኔት ሳይታሰብ የተጻፈ አንቀጽ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ተከታዩ አንቀጽ 28 ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ አስፈላጊ ሲሆን፣ ወይም ባለፎቶው የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሲሆን ፎቶውን ያለ ፈቃድ ማሳየት እንደሚቻል ይፈቅዳል። ታዲያ ‘ለፍትሕ አስፈላጊ ነው’ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? በእኔ እምነት ገንዘቡ የተወሰደበት ወገን ራሱ ሊሆን አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ይሰጠዋል፤ ፎቶአቸው ከተለጠፈው ውስጥ ደግሞ ገና ያልተከሰሱ ነበሩበት። የ20 ዓመት ልጅ ፎቶ በቅርንጫፍ በር ላይ ሲለጠፍ የሚያየው ዳኛ አይደለም። የሚያዩት አባቱ፣ ጎረቤቱና ነገ ሥራ ሊቀጥረው የሚችለው ሰው ናቸው። ገንዘቡ ተመልሶ፣ ወረቀቱ ከግድግዳው ተነሥቶ እንኳ በስልክ የተነሣው ቅጂ ከሰው ወደ ሰው መዞሩን አያቆምም።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ አለ። ሶፍትዌር ሲሳሳት ተጠያቂው ማን ነው? የዚያ ሌሊት ስሕተት የጀመረው ከባንኩ ሥርዓት ነው፤ በአደባባይ ስሙ የተጠራው ግን ተጠቃሚው ነው። በእንግሊዝ አገር ይኸው ነገር ተገልብጦ ተፈጽሟል። ሆራይዘን የሚባል፣ ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ የሠራው የሒሳብ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በፖስታ ቤቶች ተዘርግቶ ነበር። ሶፍትዌሩ እየተሳሳተ በየቅርንጫፉ ‘ገንዘብ ጎድሏል’ ይል ነበር። ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። ታስረው የወጡ አሉ፣ ቤታቸውን ሸጠው ያልጎደለውን የከፈሉ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። የአገሩ ሕግ ኮምፒውተር ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ በትክክል እንደሠራ ስለሚገምት፣ ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ነበር፤ ተከሳሹ ደግሞ የሶፍትዌሩን ውስጥ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። 555 ሰዎች ተባብረው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤቱ ሥርዓቱ ስሕተት እንደነበረበት ወሰነ፤ በ2024 ደግሞ ፓርላማው ፍርዶቹን በአንድ ሕግ ሰረዘ። የመጀመሪያው ሰው ከተከሰሰ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ይህን ያነሣሁት የእኛም ኑሮ በተመሳሳይ ሥርዓቶች ላይ እየተገነባ ስለሆነ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተከተለው። ዛሬ በጂማው የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር የባጃጅ ሒሳብ፣ የሱቅ ዕዳ፣ ገጠር ላለች እናት የሚላክ ብር በስልክ ያልፋል። ‘ልኬያለሁ’ ‘አልደረሰኝም’ የሚል ክርክር ሲነሣ የሚመሰክረው ሥርዓቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የመልእክት ማረጋገጫውን አለማጥፋት፣ የግብይቱን መለያ ቁጥር መያዝ፣ ስሕተት ሲታይ በዚያው ቀን በጽሑፍ ማመልከት የእያንዳንዱ ሰው ልማድ ሊሆን ይገባል። በቃል የቀረበ አቤቱታ ዱካ የለውም።

አዲሱ አዋጅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዋና ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድን ሰው ለይቶ የሚያሳውቅ ማንኛውም መረጃ፣ ማለትም ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ፎቶ፣ አሻራ፣ የሒሳብ ቁጥር፣ ያለበት ቦታ፣ የዚያ ሰው የግል ዳታ ነው። ይህን መረጃ የሚሰበስብ አካል በቂ ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው፣ ለምን እንደፈለገው ሊናገር፣ ከሚያስፈልገው በላይ ላይወስድ፣ ላንዱ ጉዳይ የወሰደውን ለሌላ ላያውል፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ላያስቀምጥና ከሌባ ሊጠብቅ ይገባዋል። ባለመረጃው በበኩሉ ‘ስለ እኔ ምን ይዛችኋል?’ ብሎ የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማስተካከል፣ ምክንያቱ ያበቃውን የማስደምሰስና አጠቃቀሙን የመቃወም መብት አለው። ጤናን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርንና አሻራን የሚመለከት መረጃ የበለጠ ጥበቃ ይደረግለታል። መረጃ ካመለጠም ይዞ የነበረው አካል በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለብሔራዊ ደኅንነትና ለወንጀል ምርመራ ሥራ ሕጉ ለየት ያለ ቦታ ይሰጣል፤ ይህ ክፍተት ሰፍቶ እንዳይተረጎም መከታተል ያስፈልጋል።

ከትልልቅ ተቋማት በፊት ግን በየመንገዱ ያለውን እንይ። ጂማ ውስጥ ሰው ሰነድ ማተም ሲፈልግ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። የመታወቂያውን ፎቶ ለባለሱቁ በቴሌግራም ይልካል፣ ወይም የራሱን አካውንት በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ይከፍታል። ሰነዱ ይታተማል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ደንበኛው ይሄዳል። መታወቂያው፣ የትምህርት ማስረጃው፣ አንዳንዴም የባንክ ደብተሩ በባለሱቁ ስልክ ውስጥ ይቀራል። ባለሱቁ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ስልኩ ቢሰረቅ ወይም ኮምፒውተሩ ቢሸጥ ግን የስንት ሰው መረጃ አብሮ እንደሚሄድ ማሰብ ነው። መድኃኒቱ ብዙ አይከብድም። ሰነዱን በፍላሽ ይዞ መሄድ፣ በቴሌግራም ከተላከም ከታተመ በኋላ ለሁለቱም ወገን ማጥፋት፣ አካውንት የተከፈተበትን ኮምፒውተር ትቶ ሲወጣ መዝጋት፣ ከዚያም በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የማያውቁት መሣሪያ ተያይዞ እንደቀረ ማየት። የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶችም በየቀኑ ማታ የደንበኛን ሰነድ የማጥፋት ሥርዓት ቢያበጁ ሕጉንም ያከብራሉ፣ እምነትም ያተርፋሉ።

የስልክ አጭበርባሪዎች የሚሠሩት በእንዲህ ያለ መንገድ በሾለከ መረጃ ነው። ደዋዩ ስምዎን ጠርቶ፣ የባንክዎን ስም ጠቅሶ፣ ‘አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ’ ይላል። ስምዎን ማወቁ ከባንኩ ለመደወሉ ማስረጃ አይሆንም። ያ ቁጥር ገንዘቡን የሚከፍተው ቁልፍ ስለሆነ እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ አይጠይቅም። ይህን በተለይ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ደጋግመን ልንነግራቸው ይገባል፤ ሰው አክብሮ የጠራቸውን አክብረው ይመልሳሉና።

ፋይዳ ደግሞ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ያቋቋመው ይህ መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖች ምስልና የፊት ፎቶ ይወስዳል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ማግኘት ያስቸግረው የነበረ ሰው በፋይዳ ማንነቱን በየትም ማስረዳት ይችላል፣ ባንክም ይገባል። ነገር ግን የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ ቢሰረቅ አይቀየርም። ስለዚህ የፋይዳ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ለምን እንደሚጠይቅ መጠየቅ አለበት። ባንክ ለሒሳብ ቢጠይቅ ምክንያቱ ይገባል። ሽልማት አለ እያለ በቴሌግራም ቁጥሩንና ፎቶውን የሚሰበስብ ሰው ግን ምንም ምክንያት የለውም።

አሁን ከከተማው ወጥተን ወደ አጋሮ፣ ወደ ጎማ፣ ወደ ሊሙና ወደ ጌራ እንሂድ፤ የግል መረጃ ጉዳይ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነውና። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡናን ይመለከታል። ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለበት መሬት እንዳልመጣ ገዢው ማስረዳት አለበት። ማስረጃው የማሳው መገኛ ነው። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያውን የሚያሳይ ካርታ፣ ከዚያ በታች ለሆነ ቢያንስ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ያስፈልጋል። የደንቡ ተፈጻሚነት በተደጋጋሚ ቢራዘምም የማሳ ምዝገባው አልቆመም። በዚህ አካባቢ አብዛኛው ገበሬ ያለው ቡና ከዚያ ልክ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ነጥቡ ግን ከስሙ ጋር ተያይዞ ይመዘገባል።

አስቡት። ስልክ የያዘ ወጣት ወደ ማሳ ይመጣል፤ የገበሬውን ስም፣ የስልኩን ቁጥር፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ የቡናውን ስፋትና መገኛ ይመዘግብና ይሄዳል። መረጃው ከማኅበሩ ወደ ዩኒየኑ ወይም ወደ ላኪው፣ ከዚያ ወደ ገዢው፣ በመጨረሻም ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥርዓት ይሄዳል። ገበሬው እጅ የሚቀር ነገር ብዙ ጊዜ የለም። ይህ መረጃ ሀብት ነው። የትኛው መንደር ምን ያህል ቡና እንዳለው የሚያውቅ ነጋዴ ዋጋ ሲደራደር ከገበሬው ይልቅ ብዙ ያውቃል። ካርታው በእጁ ያለ ላኪ ‘ካርታህ እኛ ጋ ስለሆነ ለእኛ ብቻ ሽጥ’ ለማለት ይመቸዋል። መስመሩ ተሳስቶ የጎረቤት ማሳ ወይም የደን ክልል ውስጥ ቢገባ ደግሞ ቡናው ገበያ ሊያጣ፣ ወይም የድንበር ጠብ ሊነሣ ይችላል። በእንግሊዝ ፖስታ ቤቶች የደረሰው እዚህ በቡና ማሳ ላይ እንዳይደርስ የምፈራው በዚህ ምክንያት ነው። ኮምፒውተሩ ‘ይህ ማሳ ደን ነበር’ ካለ፣ የጥላ ዛፍ ሥር የበቀለውን የጂማ ቡና ከሳተላይት ላይ ከደን ለይቶ ማየት ከባድ መሆኑን ገበሬው ለማን ያስረዳል?

አዋጁ ለዚህ መልስ አለው። ስሙ የተያያዘበት የማሳ መገኛ የገበሬው የግል ዳታ ነው። ስለዚህ ገበሬው የተመዘገበለትን በጽሑፍ ቅጂ መጠየቅ፣ መስመሩ ከተሳሳተ ማስተካከል፣ ለማን እንደሚተላለፍ ማወቅ ይችላል። የቤተሰቡ ብዛትና የስልኩ ቁጥር ለደን ማስረጃ ለምን እንደሚያስፈልግ መጠየቅም መብቱ ነው። ለማኅበራት አመራሮች የምለው ይህን ነው፦ ካርታው ከመሰጠቱ በፊት የማኅበሩ ቅጂ በማኅበሩ እጅ ይቅር፤ ገበሬው ገዢ ቢቀይር ካርታው አብሮት መሄድ እንዲችል በውሉ ላይ ይጻፍ። ይህን ዛሬ ያልተዋዋለ ማኅበር ነገ ለራሱ አባላት ማሳ ካርታ ዳግመኛ ይከፍላል።

ሕጉ የማይደርስበት ቦታም አለ፤ የኢትዮጵያውያንን ሁለት ክሶች ማወቅ ለዚህ ይጠቅማል። የመጀመሪያው በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ ስሙን ለደኅንነቱ ሲል ‘ኪዳኔ’ ያሰኘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያቀረበው ነው። በኢሜይል በደረሰው የዎርድ ሰነድ በኩል ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ የስካይፕ ንግግሮቹን ሲቀዳ ነበር ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሳያይ ዘጋው፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. አጸና። ምክንያቱ ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት አይከሰስም የሚል ነው። ማለትም ሰላዩ ውጭ አገር ሆኖ በሽቦ ከገባ በበሩ ከገባው የተሻለ ጥበቃ አገኘ። ይህን ውሳኔ ትክክል ነው ለማለት ይከብደኛል።

ሁለተኛው የሚያሳዝን ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶአቸው በፌስቡክ ከጥላቻ ቃል ጋር ተለጥፎ ከቆየ በኋላ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ደጋግሞ አመልክቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ የይዘት ማጣራቱ ሥራ በናይሮቢ ይሠራ ነበርና። ሜታ ‘የኬንያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም’ ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ሚያዝያ 3 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። የአንድ ሰው ፎቶና የሥራ ቦታው አደባባይ ላይ መውጣት እስከምን እንደሚያደርስ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። በባንክ ግድግዳ ላይ የተማሪ ፎቶ መለጠፉን እንደ ቀላል ነገር ማየት ያቃተኝም ለዚህ ነው።

መብት መኖሩና መብትን መጠየቅ መቻል ይለያያሉ። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ የጂማ ዞን ሰቃ ጨቆርሳ ገበሬ ለአንድ የተሳሳተ መስመር ብሎ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ መረጃውን ለያዘው አካል በቀላል ደብዳቤ መጻፍ ይሻላል። ደብዳቤው ስም፣ ቀን፣ የተወሰደው መረጃ ምን እንደሆነና ምን እንደሚፈለግ ይናገር፤ ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ አንዱ ላይ የተቀባይ ፊርማ ወይም ማኅተም ይደረግ። መልስ ከጠፋ ለባለሥልጣኑ ያንኑ ቅጂ አያይዞ ማመልከት ይቻላል፤ ጉዳት ከደረሰም ፍርድ ቤት ካሳ መጠየቅ ይቻላል። ጠበቃ ማቆም ለማይችል ሰው የጂማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ተማሪዎቹም በዚህ አዲስ ሕግ ላይ ቢሠሩ ለራሳቸውም ለአገሩም ይጠቅማሉ።

ከባለሥልጣኑ የምንጠብቀው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አቤቱታ የሚቀበል ሰው ጂማን በመሰሉ ከተሞች ያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ የማመልከቻ ቅጹና የሕጉ ማብራሪያ በአፋን ኦሮሞ በወረቀት ታትሞ በየቀበሌው፣ በየቡና ማኅበሩ መጋዘንና በየባንኩ መስኮት ይቀመጥ፤ ሬዲዮ ፋናና የጂማ ማኅበረሰብ ሬዲዮም ይናገሩት። ቡና ለቃሚው ጊዜ የሚያገኘው ከጥር በኋላ ስለሆነ ሥራው ከዚያ በፊት ቢጀመር ለሚመጣው የመመዝገቢያ ወቅት ይደርሳል።